በጓዳ የተቀዳ ዜማ በአደባባይ

ዜማ ደራሲ ሥራውን ለሕዝብ ከማሰማቱ በፊት ብቻውን የሚደክምበት ጊዜ አለው። ቀድሞ ይህ ድካም ከጓዳ አይወጣም ነበር፤ ዜማውን በሸክላ ለማስቀረጽ የሚሻ ሰው ገንዘብም፣ ስቱዲዮም፣ አሳታሚም ያስፈልገው ነበርና። ዛሬ ግን ደራሲው በቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ የቀዳውን ያንኑ ዕለት በኢንተርኔት ለዓለም ያሰማል። ሳውንድክላውድና ባንድካምፕ የሚባሉት የዜማ ማኖሪያዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ከተከፈቱ ወዲህ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ያልተጨረሰው ዜማ፣ ሙከራውና ግማሽ መዝሙሩ ሁሉ አደባባይ ወጣ። ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ፍርድ እንሰማለን። አንዳንዱ «ያልበሰለ ለእንግዳ አይቀርብም» ብሎ ሁሉን ይንቃል፤ ሌላው ደግሞ «ያልተኳለ ስለ ሆነ እውነተኛ ነው» ብሎ ሁሉን ያመሰግናል። ሁለቱም ሳይሰሙ የፈረዱ ይመስለናል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ብሩስ ስፕሪንግስቲን የተባለው አሜሪካዊ ዘፋኝ በ1982 መጀመሪያ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት ኮልትስ ኔክ በምትባል ስፍራ በተከራየው ቤት ብቻውን ተቀምጦ፣ በጊታርና በሐርሞኒካ እየታጀበ ብዙ ዘፈን ቀዳ። መሣሪያው ፖርታስቱዲዮ የሚባለው፣ በተራ ካሴት ላይ አራት ድምፅ ለየብቻ የሚቀዳ ማሽን ነበረ። አሳቡም ሙዚቀኞች ባልንጀሮቹ ሰምተው እንዲያጠኑት ነበር እንጂ ለሕዝብ እንዲሸጥ አልነበረም። በኋላ ከባልንጀሮቹ ጋር በስቱዲዮ ቢሞክረው በዘፈኖቹ ውስጥ የነበረው ብቸኝነት እንደ ጠፋ አስተዋለ፤ ስለዚህ በኪሱ ይዞት ይዞር የነበረውን ያንኑ ካሴት በዚያው ዓመት አሳተመው፤ ስሙም ነብራስካ ተባለ።

ነገሩን እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው «እንግዲህ ረቂቁ ከተፈጸመው ሥራ ይበልጣል» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን «ቦርን ኢን ዘ ዩ ኤስ ኤ» የሚባለውም ዘፈን በዚያው ካሴት ውስጥ ነበረ። ይህኛው ግን በነብራስካ ውስጥ አልገባም፤ ከሙዚቀኞቹ ጋር እንደ ገና ተሠርቶ በ1984 ወጣና በዓለም ሁሉ ታወቀ። አንድ ሰው፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ መሣሪያ ከቀዳቸው ዘፈኖች የሚበዙት እንዳሉ መቅረት ይገባቸው ነበር፤ ይኸኛው ግን መታደስ ይገባው ነበር። ይህን የለየው መሣሪያው አይደለም፤ አስተዋይ ጆሮ ነው።

ወደ ራሳችን ሰዎች ስንመለስ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ እናገኛለን። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በደርግ ዘመን፣ ከ1977 ጀምሮ ባሉት ዓመታት፣ በአዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት ሳሉ ፒያኖ እየመቱ በገዛ ድምፃቸው በአማርኛ ያዜሙትን በካሴት ቀድተው አኖሩ። በኋላም በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ተቀመጡ፤ በ2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ያ የቤት ቅጂ በ2024 ሱቬኒርስ ተብሎ ታተመ፤ ዛሬም በኢንተርኔት ይሰማል። ሲያዳምጡት ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ሲንጫጩ ይሰማል፤ የመቅጃው ቍልፍ ሲጫንም ይሰማል። የእማሆይ ድምፅ በመድረክ የሠለጠነ ዘፋኝ ድምፅ አይደለም፤ ቀጭንና ለስላሳ ነው። ነገር ግን የዜማዎቹ ጕዳይ ናፍቆትና ከአገር መለየት ስለ ሆነ ወፎቹ ጌጥ አልሆኑም፤ ምስክር ሆኑ። ሰው ሊለየው ያለውን ቤት ከነአየሩ በድምፅ አስቀርተውልናል። በስቱዲዮ ተቀድቶ ቢሆን ኖሮ ድምፁ በጠራ ነበር፤ ቤቱ ግን በጠፋ ነበር።

ወጣቶቻችን ግን ከዚህ ቅጂ የወፎቹን ጫጫታ ብቻ እንዳይማሩ እንሰጋለን። ዛሬ ለአዲስ ዜማቸው አሮጌ መልክ ለመስጠት የሸክላን መንጫጫት በኮምፒዩተር የሚጨምሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች የድህነትን ልብስ ገዝተው እንደሚለብሱ ባለጠጎች ናቸው። እማሆይ በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው በዚያ ሙዚቃ ተማሩ፤ ከጦርነቱም በኋላ በካይሮ ኮንቶሮዊች ከተባለው የፖላንድ ቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ፤ በግሸን ማርያም በምንኵስና ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ፤ በጎንደርም የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በጀርመን አገር የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1967 ነው። እንግዲህ ቅጂው የጓዳ ነው እንጂ ትምህርቱ የጓዳ አይደለም።

ረቂቅን ማሰማት ለቤተ ክርስቲያን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ ብቻውን ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያ በኋላ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ቤቱ ጐደለ፣ ምሥጢሩ አልገጠመም እያለ ያርመዋል፤ ባልንጀሮቹም ከእርሱ እርማት ይማራሉ። ያልበሰለውን ማሰማት ነውር ቢሆን ኖሮ የቅኔ ቤት ባልኖረም ነበር። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ያቈዩልን አባቶችም ትሉ በሰባተኛው ጊዜ ከዛፉ ላይ መውጣቱን ሲነግሩን አስቀድሞ ስድስት ጊዜ መውደቁን አልደበቁም።

በኢንተርኔት ግን ቈጠራው አለ፤ ነገራውም አለ፤ መምህሩ የለም። ሰሚው የልብ ምልክት ሰጥቶ ያልፋል፤ ወይም ተሳድቦ ያልፋል፤ ምስጋናውም ስድቡም አያርምም። ደራሲውም ምስጋናውን እንደ ምረቃ ቈጥሮ ወደ ሌላ ሙከራ ይሄዳል፤ እንዲህም እያለ ብዙ ጀምሮ አንድም ሳይፈጽም ዘመኑ ያልቃል።

በመዝሙር ላይ ሲሆን ደግሞ ጕዳቱ ከባለቤቱ አልፎ ወደ ጉባኤው ይደርሳል። ዘፈን ቢበላሽ ለዘፋኙ ነው፤ የምስጋና ቃል ቢሳሳት ግን ብዙ ሰው ስሕተቱን ጸሎት አድርጎ ይይዘዋል። አንድ ወጣት ሌሊት በስልኩ ቀድቶ የለቀቀው መዝሙር ሲነጋ በብዙ ሰው እጅ ይገኛል። በማግሥቱ ቢያርመውም እርማቱ የመጀመሪያውን ቅጂ ተከትሎ ሁሉ ዘንድ አይደርስም፤ ሕፃናትም የሚያጠኑት አስቀድሞ የደረሳቸውን ነው።

ይህን ማለታችን በሩ ይዘጋ ማለታችን አይደለም። ስቱዲዮ የሚከራይበት ገንዘብ የሌለው የገጠር ልጅ፣ አሳታሚም የማያውቀው ባለ በገና፣ በስደት ያለ ዘማሪም ድምፃቸውን ያሰሙት በዚህ መንገድ ነው፤ በእነርሱ ላይ በር መዝጋት ግፍ ይሆናል። የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ደራሲው ያልፈጸመውን ሲያወጣ «ረቂቅ ነው» ብሎ ይጻፍበት፤ ከሺህ አመስጋኝም ይልቅ የሚያርመውን አንድ ዐዋቂ ይፈልግ፤ መዝሙር ከሆነ ግን ከመልቀቁ በፊት ለመምህር ያሰማ። ሁለተኛም፣ መምህራኑ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው» ብለው ፊታቸውን አይመልሱ። ልጁ ዜማውን ይዞ በደጃቸው ሲቆም የሚሰማው ቢያጣ፣ ወደማያርመው ሕዝብ መሄዱ በእርሱ ብቻ የሚፈረድ በደል አይደለም።

ስፕሪንግስቲን ካሴቱን እንዳለ ለማሳተም የደፈረው አስቀድሞ ለባልንጀሮቹ አሰምቶ፣ ሞክሮና አመዛዝኖ ነው። እማሆይም በጓዳ ብቻቸውን ሲቀዱ በብዙ መምህራን የታረመ ጆሮ ነበራቸው። የመቅጃው መሣሪያ ዛሬ በየሰው ኪስ ይገኛል፤ የታረመ ጆሮ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከመምህር እግር ሥር እንጂ ከሌላ ስፍራ አልተገኘም።