ስለ ሬቲና ፎቶግራፍ አንዳንድ ትችት

የዓይን ሐኪም የሕያው ሰውን ሬቲና አጥርቶ ለማየት የቻለው፥ ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በ1851 (እ.ኤ.አ.) የዓይን መመልከቻውን ካስታወቀ ወዲህ ነው። ዛሬ ካሜራው ሬቲናን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በ1991 የታወቀው ኦ.ሲ.ቲ. የተባለው ዘዴም በብርሃን ኃይል ሬቲናን እንደ ሽንኩርት ንብርብሩን ለይቶ ያሳያል። በ1961 በአሜሪካ ኢንዲያና ሁለት ወጣቶች፥ ኖቮትኒና አልቪስ፥ ቀለም በክንድ ደም ሥር አስገብተው የሬቲናን የደም ሥሮች በፎቶግራፍ ስለ ማንሣት ጽፈዋል፤ ሥራውን የጀመሩት እንደኛው ተማሪዎች ሳሉ መሆኑን ስናነብ ደስ ብሎናል። እንግዲህ የምንነቅፈው ጥበቡን አይደለም። የምንነቅፈው «መሣሪያው ከመጣ ዓይን ዳነ» የሚለውን የችኮላ አነጋገር ነው።

ነገሩን ወደ ድሬዳዋ አምጥተን እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በመላ አገራችን የተደረገው ጥናት እንዳስረዳው፥ ከዓይነ ሥውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው ከሞራ ግርዶሽ፥ 11.5 ከመቶው ደግሞ ከትራኮማ ጠባሳ ነው። የሬቲና ካሜራ የጠናውን ሞራ ዘልቆ አያይም፤ የሚያወጣው ሥዕል ጭጋግ ብቻ ነው። በመጋላ ሰፈር ሞራ ዓይናቸውን ለጋረደባቸው አዛውንት የሚያስፈልገው ቀዳጅ ሐኪም እንጂ ፎቶግራፍ አንሺ አይደለም፤ ሕመማቸውን ለማወቅማ የእጅ ባትሪም ይበቃል።

በስኳር በሽታ የሚጎዳው ሬቲና ግን ሌላ ነው። ሕመምተኛው ጉዳቱ እስኪጠና ድረስ ደኅና ስለሚያይ፥ ካሜራው በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም በ2020 ከታይላንድ የታተመውን ጥናት ልብ ይሏል። በኮምፒዩተር ፍርድ የሚሠራው ዘዴ በ11 ክሊኒኮች ሲታይ፥ ከ1,838 ሥዕሎች 21 ከመቶ የሚሆኑትን «ጥራት የላቸውም» ብሎ መለሰ። አንዱ ምክንያት ክፍሉ አለመጨለሙ ነበር፤ ብሌን የሚሰፋው በጨለማ ነውና። በድሬዳዋ ቀትር መስኮትና መጋረጃ ዘግቶ ሕመምተኛን ማስቀመጥ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ በከዚራ ጥላ ሥር ያረፈ ሁሉ ያውቀዋል። ሥዕሉ የተመለሰበት ሰው ደግሞ ወደ ሌላ ሐኪም ሂድ ይባላል። የክፍሉ ጉድለት የሕመምተኛው መንገድና ወጪ ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደን ሥዕሉ ጠርቶ ከወጣ በኋላ ያለው ነው። ለተጎዳው ሬቲና መድኃኒቱ ሌዘር፥ ወይም በየጊዜው የሚደጋገም የዓይን መርፌ ነው። ሕመምተኛው ለዚህ ሲል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መመላለስ ካለበት፥ ካሜራው የሰጠው መርዶ እንጂ ሕክምና አይደለም። ስለዚህ በዚህ ረገድ ጥናት የምታቀርቡልን ወንድሞችና እኅቶች፥ ስንት ዓይን ፎቶግራፍ እንደ ተነሣ ብቻ አትንገሩን። «ታክመህ ና» ከተባሉት መካከል በሦስት ወር ውስጥ ስንቱ ሌዘር ወይም መርፌ አገኘ? ስንቱስ በመሳፈሪያ ዕጦት ቤቱ ቀረ? ይህን ቆጥራችሁ ብታመጡ ከሥዕሎቹ አስቀድመን እናነበዋለን።