ትንቢትና ስንቅ፦ የነገ ፍርሃት በሾኔና በአካባቢዋ

ሾኔ በሀዲያ ያለው የባደዋቾ ከተማ ናት፤ ከሀላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ያልፍባታል። በዙሪያዋ ያለው ገጠር በሀገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የአያት ማሳ ለልጆች፣ የልጆቹም ለልጅ ልጆች እየተሸነሸነ፣ ዛሬ ለአንድ ወጣት የሚደርሰው ድርሻ ጎጆ ቀልሶ ትዳር ለመያዝ አይበቃም። በልግ ሲቀር ደግሞ ክረምቱ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የበልጉ ዝናብ ሲስተጓጎል በደቡብ ማሳው ለምልሞ እያለ ሕፃናት በምግብ እጥረት ሲጎዱ ታየ፤ ሰዎች «አረንጓዴ ረሃብ» ብለው የሚጠሩት ይህን ነው። እዚህ ስለ ነገ የሚጨነቅ ገበሬ ሒሳቡን አስልቶ ነው የሚጨነቀው። ከመድረክ «አትፍሩ» የሚል ሰባኪም ይህን ሒሳብ ምን እንደሚያደርገው ሊጠየቅ ይገባዋል።

ጥያቄው በዚህ ምድር የቆየ ነው። በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩት የሱዳን የውስጥ ሚስዮን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1927 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በቀጣዩ ዓመት በሆሳዕና፣ በሶዶና በሲዳማ ሥራ ጀመሩ። የደረሱበት ሕዝብ ባዶ ሜዳ አልነበረም። ኡልሪሽ ብራውኬምፐር በሀዲያ ታሪክ ላይ ባደረገው ሰፊ ጥናት የገለጸው ፋንዳኖ የተባለው የሀዲያ ነባር እምነት፣ የእስልምና ፈለግ በግልጽ የሚታይበት የራሱ የአምልኮ ሥርዓት ነበረው። ከዚህ ጎን ለጎን ዝናብ ሲዘገይ፣ ከብት ሲያልቅ፣ ልጅ ሲታመም ወደ አዋቂ ቤት መሄድ የተለመደ ነበር። አዋቂው ምክንያቱን ይናገራል፣ የሚመጣውን ይተነብያል፣ የሚታረደውን ያዛል። በመጀመሪያዎቹ አማኞች ዘንድ የእምነት ምልክት የነበረው ይህን በር መዝጋት ነው፤ ሰይጣንን በሕዝብ ፊት መካድ፣ ክታብን መበጠስ፣ ወደ አዋቂው መመላለስን ማቆም። አዲሱ እምነት ድርቅ እንደማይመጣ ዋስትና አልሰጣቸውም። ነገን ከሚያውቅ ሰው እጅ አወጣቸው፤ የፍርሃታቸው ትልቁ ክፍልም ያን ሰው መፍራት ነበር።

ጣሊያን ሲገባ ይህ እምነት ተፈተነ። ሚስዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937 ሶዶን ለቀው ሲወጡ በወላይታ የነበሩት የተጠመቁ አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን፣ የሚስዮኑ ባልደረባ ሬይመንድ ዴቪስ እንደጻፈው፣ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ጠበቃቸው። ብራያን ፋርገርና ጥበበ እሸቴ በየጥናታቸው እንዳሳዩት ሥራውን የሠሩት የሀገሬው ወንጌላውያን ናቸው፤ እንቅስቃሴውም ከወላይታ አልፎ ሀዲያንና ከምባታን አዳርሷል። ከወላይታ መሪዎች አንዱ ዋንዳሮ ታስሮ በሕዝብ ፊት ተገርፏል። ታሪኩ ሲተረክ ሁልጊዜ ጅራፉ ነው የሚጎላው። እኔ ግን ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ስንቁ ነው እላለሁ። በዚያ ዘመን እስር ቤት እስረኛን አይመግብም፤ ዘመድ ያላመላለሰለት ይራባል። የአማኞቹ ቤተሰቦች ስንቅ ያመላልሱ ነበር፤ ከሚያመጡትም ሌሎች እስረኞች ይቀምሱ ነበር። የዋንዳሮ ድፍረት የዋንዳሮ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ከጀርባው እሳት ያልጠፋበት ምድጃ ነበረ፤ እሱ ቢሞት ልጆቹን ማን እንደሚያሳድግ የሚያውቅ ማኅበር ነበረ። የነገን ጭንቀት ያቀለለው ይህ ይመስለኛል፦ ነገ ምን እንደሚሆን ማንም አልነገረው፣ ነገር ግን ምንም ቢሆን ብቻውን እንደማይቀር ያውቅ ነበር።

አሁን ወዳለንበት ዘመን እንምጣ። ከ2000ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሆሳዕናና የአካባቢዋ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መጉረፍ ያዙ። መንገዱ ከሞያሌ ተነስቶ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን ያቆራርጣል። ቤተሰብ በሬ ይሸጣል፣ መሬት ያስይዛል፣ ከዘመድ ይበደራል፤ ገንዘቡ ደላላ እጅ ይገባል። የደረሰው በየሎኬሽኑ፣ ማለትም በየጥቁሮቹ የከተማ ዳርቻ ሰፈር፣ እየዞረ ይነግዳል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ወንድሙን ይወስዳል። ሆሳዕና ውስጥ ከተሠሩት ፎቆች ብዙዎቹ የዚህ ላብ ፍሬ ናቸው። ያልደረሰውን ደግሞ ዜና ይናገርለታል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 በታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞቱ። በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር የተከፈተ ኮንቴይነር 64 አስከሬኖች ተገኙበት። በጥቅምት 2022 ማላዊ ምዚምባ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተቆፈረ፤ በታኅሣሥ ወር በዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ የ27 ወጣቶች ሬሳ ተጥሎ ተገኘ። ሟቾቹ ሁሉ ከዚህ አካባቢ ነበሩ ማለት አይደለም፤ ግን እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ልጅ መንገድ ላይ ያለበት ቤት ሁሉ ስልኩን እያየ ያድራል። መድረስም ቢሆን ሥጋቱን አይጨርሰውም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2015 በደቡብ አፍሪካ በውጭ ዜጎች ላይ የተነሳው ጥቃት የኢትዮጵያውያንን ሱቆች ጭምር ዘርፏል።

ይህን ስደት ያጠኑት ደረጀ ፈይሳ ድህነት ብቻውን ነገሩን እንደማያስረዳ ያሳያሉ። በሆሳዕና በእንግዳ ሰባኪ የተነገረ ትንቢት የደቡቡን መንገድ እግዚአብሔር የከፈተው በር አድርጎ እንዲታይ አግዟል፤ ከጉዞ በፊት ነቢይ ማማከር፣ የመጋቢን ቡራኬ መቀበል፣ የሚነሱበትን ቀን በጸሎት መጠየቅ የስደቱ አካል ሆነዋል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያጣጥሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ አልስማማም። መሬት የሌለው፣ ተምሮም ሥራ ያጣ ልጅ «አንተም በእግዚአብሔር እቅድ ውስጥ አለህ» መባሉ ቀና ብሎ እንዲሄድ ያደርገዋል። ይህ ቃል ክብር ነው፤ መንግሥትም ገበያም አልሰጡትም።

ችግሩ ያለው ቃሉ ትንበያ ሲሆን ነው። «ትደርሳለህ» የተባለ ልጅ ኮንቴይነር ውስጥ ሲቀር እናቱ ሁለት ኀዘን ትሸከማለች፤ ልጇን አጥታለች፣ በዚያ ላይ «እምነት ጎደለን ይሆን?» የሚል ጥያቄ ያሳድዳታል። ትንቢቱ ሲይዝ ነቢዩ ይከበራል፤ ሳይዝ ጥፋቱ የሰሚው ይሆናል። እዚህ ላይ አዋቂው በሌላ ልብስ ተመልሷል ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ አያቶቹ ክታቡን የበጠሱለት ሰው ዛሬ የሚነሳበትን ቀን ነቢይ ሳይጠይቅ አይወስንም። የነገ ፍርሃት በዚህ መንገድ አይሸነፍም፤ ደንበኛ ያፈራል።

ይህን የምለው ከውጭ በመጣ ፍልስፍና ተደግፌ አይደለም። በጥቅስ ካርድና በመኪና መስታወት ላይ እጅግ ከሚዘወተሩት ጥቅሶች አንዱ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ያለው፣ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያሰበውን መልካም ፍጻሜ የሚናገረው ነው። ምዕራፉን ከመጀመሪያው ያነበበ ሰው ግን ደብዳቤ ያገኛል፤ የተጻፈውም ወደ ባቢሎን ለተጋዙ ሰዎች ነው። ከሱ በፊት ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የተባለ ነቢይ በሁለት ዓመት ሁሉም እንደሚመለስ ተንብዮ ሕዝቡን አስደስቷል። ኤርምያስ ግን ሰባ ዓመት ይላል። ደብዳቤው በተነበበበት ቀን ከነበሩት ጎልማሶች አብዛኞቹ ያን መመለስ በዓይናቸው አያዩም። ታዲያ ምን ያድርጉ? ቤት ይሥሩ፣ አትክልት ይትከሉ፣ ልጆቻቸውን ይዳሩ፣ ለሚኖሩባት ከተማ ሰላም ይጸልዩ፤ ሕልም የሚያልሙላቸውን ነቢያትም አይስሙ። ተስፋው የተሰጠው ለሕዝብ ነው፣ ዘመኑም ከአንድ ሰው ዕድሜ ይበልጣል። ለአንድ መንገደኛ የተጻፈ የመድረስ ማረጋገጫ አድርጎ መስታወት ላይ መለጠፍ ደብዳቤውን ለሐናንያ አሳልፎ መስጠት ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ነገ እንዳይጨነቁ የታዘዙት ደቀ መዛሙርትም፣ ከዚያው ጥቂት ቀደም ብሎ የዕለት እንጀራን በጋራ እንዲለምኑ ተምረዋል። ትእዛዙን ከጸሎቱ ነጥለን ስንሰብክ የተራበውን ስለ ራቡ እንወቅሰዋለን። ጀርመናዊው የነገረ መለኮት ምሁር ዲትሪሽ ቦንሆፈር ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1933 በርሊን ላይ ስለ ፍርሃት ሲሰብክ ማዕበል የመታትን ጀልባ ታሪክ መርጦ ነበር። መጽናኛ ያደረገው ክርስቶስ ጀልባው ውስጥ መኖሩን ነው፤ የጀርመንን ነገ አልተነበየም። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 ተሰቅሎ ሞተ። ስብከቱ ግን በሞቱ አልተሻረም፤ ያልሰጠው ዋስትና ሊፈርስበት አይችልምና።

በአጥቢያዎቻችን ደግሞ የምስክርነት ሰዓት የሚባል አለ። ማይክ የሚሰጠው በር ለተከፈተለት፣ ልጁ ጆሃንስበርግ ለደረሰለት፣ ሱቅ ለከፈተ ሰው ነው። ልጁ የቀረበት አባት በዚያ ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጣል። መዝሙረ ዳዊት በሙሾና በእሮሮ የተሞላ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ፣ ይህ አባት ቆሞ እግዚአብሔርን «ለምን?» የሚልበት ቦታ በሥርዓታችን የለም። በዚህ የተነሳ ወጣቶቻችን የመንገዱን እውነት በቤተ ክርስቲያን አይሰሙትም፤ የሚሰሙት ከደላላ ወይም ከዜና ነው። ሽማግሌዎች አንድን ተጓዥ ከመባረካቸው በፊት፣ ዕዳው ስንት እንደሆነ፣ ልጁ ባይደርስ መሬቱን ከአራጣ ማን እንደሚያወጣ፣ ሚስቱንና ልጆቹን የትኛው ቤት እንደሚያስጠጋ ቢጠይቁና መልሱን ራሳቸው ቢጽፉ፣ ብዙ ቡራኬዎች ይዘገያሉ፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ይቀራሉ።