ድሩ ተጽፎ ማጉ የቀረ ፋብሪካ

ቤት ውስጥ የሸማኔ ነጠላ ካላችሁ አንዴ ልብ ብላችሁ እዩት። ማጉ ባዘቶ ይዘው በእንዝርት የፈተሉት የእናቶቻችን እጅ ሥራ ነው፤ ድሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ድሩ ተጽፏል፣ ማጉ ቀርቷል።

ድሩ የሚታወቅ ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1947 የፓሪሱ የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ወሰነ። ከካሳው የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ በ1961 ደግሞ ይህ ፋብሪካ ቆመ። በ1963 በሶቪየት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ፣ በ1964 የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ያኔ ባሕር ዳር ገና ትንሽ ከተማ ናት፤ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ ነበር።

እሺ፣ ጥሩ። ግን ታሪኩ በዓመትና በማሽን ብቻ ሲተረክ ፋብሪካው ከላይ የወረደ ችሮታ ይመስላል። ችሮታ አይደለም፣ ካሳ ነው። በእኛ አገር የደም ካሳ ሲከፈል የሟች ወገን ይጠራል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የሞተው ሰው ስም ይነሳል። በላይ ዘለቀን ያፈራው ጎጃም ግን ከዚህ ካሳ የደረሰው በዋናነት የፈረቃ ሥራ ነው፤ እሱም በላብ የተከፈለበት። ሕንፃው ሲወደስ ይህን የሚያነሳ ጽሑፍ ብዙም አይገኝም።

ሌላው የሚያናድደኝ «ፋብሪካ መጣ፣ ሸማኔ ጠፋ» የሚለው ቀላል ትረካ ነው። ነጠላችሁ ራሱ ይመሰክራል፤ ሸማኔው አልጠፋም፣ የፋብሪካውን ክር ወስዶ የራሱ አደረገው። ዋጋ የተከፈለው ሌላ ቦታ ነው። ድር መፍተል ከቤት ወጣ፤ ያን ድር ይፈትሉ የነበሩ ሴቶች ደግሞ በሸማኔውም በፋብሪካውም ታሪክ ውስጥ የሉም።

ስለዚህ ለዚህ ሕንፃ ሌላ የምረቃ ዓመት የሚደግም ጽሑፍ አያስፈልገንም። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች በሕይወት ካሉ ዛሬ አዛውንት ናቸው። አያታችሁ ወይ አክስታችሁ እዚያ ሠርተው ከሆነ፣ የሌሊት ፈረቃው እንዴት እንደነበረ፣ በመጀመሪያው ደመወዝ ምን እንደገዙ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። ማጉ እነሱ ጋ ነው ያለው።