ስለ እርሻ አዠማመር የተሰጠው ፍርድና የቡናው አገር ምስክርነት

የሰው ልጅ ከአደንና ከፍሬ ለቀማ ወደ እርሻ መሻገሩ በትምህርት መጻሕፍት ዘንድ ሁልጊዜ እንደ ታላቅ ዕድገት ሲነገር ኖሯል። ፕሮፌሰር ጃሬድ ዳይመንድ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓመት ዲስከቨር በተባለው መጽሔት ባወጡት አጭር ጽሑፍ ነገሩን ገለበጡት፤ የሰው ዘር በታሪኩ ከሠራው ስሕተት ሁሉ የከፋው እርሻን መዠመሩ ነው ብለው ፈረዱ። ከርሳቸውም በኋላ ዩቫል ኖኅ ሐራሪ በ2011 መዠመሪያ በዕብራይስጥ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ፍርድ አጽንተው በዓለም ሁሉ ላለው አንባቢ አደረሱት። ፍርዱ ገበሬውን ሁሉ እንደ ተታለለ ሰው የሚያስቆጥር ስለ ሆነ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። ለዚህም ምርመራ ጫካውና ማሳው ተቀላቅለው ከሚታዩበት ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና ከአካባቢያቸው የቡና አገር የተሻለ ሚዛን አይገኝም።

አስቀድሞ የጽሑፉን ምስጋና መናገር ይገባል። ዳይመንድ ፍርዳቸውን በባዶ ቃል አላቆሙትም፤ ዐፅም ጠርተው አስመስክረዋል። በግሪክና በቱርክ አገር ከተገኘው ዐፅም እንደ ታየው፣ በበረዶው ዘመን መጨረሻ የነበረው አዳኝ ወንድ ቁመቱ 175 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ በ3000 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የነበረው ገበሬ ወደ 160 ወርዷል። በአሜሪካም በኢሊኖይ አገር ሕዝቡ በቆሎን ዋና ምግቡ ካደረገ በኋላ የደም ማነስ ምልክት በዐፅሙ ላይ አራት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማስረጃ ሥልጣኔ ያለ ዋጋ እንዳልመጣ ያስተምራል፤ የከተማውንም ሰው ትዕቢት ያበርዳል።

ነገር ግን ምስክሮቹ ሁሉ እኩል የታመኑ አይደሉም። ዳይመንድ የካላሃሪ አዳኞች ለምግባቸው በሳምንት ከ12 እስከ 19 ሰዓት ብቻ ይደክማሉ ይላሉ። ይህ ቁጥር ግን ምግብ ፍለጋውን እንጂ ማብሰሉንና መሣሪያ መሥራቱን አይጨምርም። በደቡብ ምዕራብ ጫካ ከግንድ ቀፎ የሚፈለፍል፣ በገመድ ረጅም ዛፍ ወጥቶ የሚሰቅል፣ ሌሊትም በጭስ ማር የሚቈርጥ ሰው ድካሙ የሚለካው ማሩን በቀመሰበት ሰዓት ብቻ ከሆነ መለኪያው ጐደሎ ነው። ስለ ዐፅሙም በ1992 ሊቃውንት አንድ ብርቱ ጥያቄ አንሥተዋል። በሽታ በአጥንት ላይ ምልክት እስኪጥል ጊዜ ይፈልጋልና፣ በሽታው ፈጥኖ የገደለው ሰው ንጹሕ አጥንት ትቶ ሲሄድ፣ ታግሎ የሰነበተው ግን ምልክቱን ይዞ ይቀበራል። እንዲህ ከሆነ የታመመ የሚመስለው ዐፅም አንዳንድ ጊዜ የብርቱው ሰው ነው።

የጽሑፉ ዋና ጕድለት ግን በአደንና በእርሻ መካከል ያሰመረው መስመር ነው። ጃክ ስታውደር በ1971 ስለ ማጃንግ ሕዝብ ያሳተሙትን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ይህን መስመር ፈልጎ አያገኘውም። ማጃንግ ጫካ መንጥሮ ማሽላና በቆሎ ይዘራል፤ ከጥቂት ዓመትም በኋላ ስፍራውን ለጫካው መልሶ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ እንዲሁም ያድናል፣ ያጠምዳል፣ ቀፎ ይሰቅላል። በሸካ ደግሞ ኮቦ በሚባለው ሥርዐት ቀፎ የሚሰቀልበት የጫካ ክፍል ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ርስት ነው። ቡናውም ቢሆን በዱር የበቀለ ነው ሲባል፣ ሰው ጥላውን ያሳሳለታል፣ ሥሩን ይመነጥርለታል፣ ችግኙንም ከተጨናነቀበት ወደ ሳሳበት ያዛውራል። ይህ ለቀማ ነው ወይስ እርሻ? በኦሪት ዘፍጥረት አዳም ለገነት ሠራተኛም ጠባቂም ሆኖ መሾሙን የሚያውቅ አንባቢ ሁለቱ ሥራ በአንድ እጅ መያዙ አያስደንቀውም።

ጄምስ ስኮት በ2017 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዳይመንድ ይልቅ ወደ ነገሩ ሥር ቀርበዋል። እንደ ርሳቸው አነጋገር ሰውን ያጐሰቈለው ዘር መዝራቱ ብቻ ሳይሆን በእህሉ ላይ ያረፈው የገዢ እጅ ነው። እህል በአንድ ወራት ደርሶ በዐይን ይታያል፣ ይሰፈራል፣ ይጓጓዛልና ለግብር ሰብሳቢ ይመቻል፤ እንደ ጎደሬ ባለ ሥራ ሥር ምግብ ላይ ግን መንግሥት ቆሞ አያውቅም ይላሉ። በዚህ ላይ የከፋ መንግሥት መልስ ይሰጣል። የሕዝቡ ዋና ምግብ እንሰት ሆኖ ሳለ ከፋ ንጉሥ፣ ሚክሬቾ የሚባል የአማካሪዎች ጉባኤ፣ ድንበሩንም የሚጠብቅ ቦይ ነበረው፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እስኪያዙ ድረስም ጸንቶ ኖሯል። እንሰት እንደ ጎደሬ ከመሬት በታች አይሸሸግም፤ በቤቱ ጓሮ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ይቈጠራል። እንግዲህ የስኮት ምክንያት ትክክል ሲሆን ስሙን ስተዋል፤ ነገሩ እህል መሆኑ ሳይሆን ሊቈጠር መቻሉ ነው።

ይህንንም የአማርኛ ቋንቋ ከመጻሕፍቱ አስቀድሞ መስክሯል። በግእዝ ገብረ ማለት ሠራ ማለት ነው፤ በአማርኛ ገበረ ማለት ግብር ከፈለ ማለት ነው። ገበሬ የሚለው ስም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚሠራውንና የሚከፍለውን ሰው በአንድ ቃል ይጠራል። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አዳኝ ይሻላል ወይስ ገበሬ የሚለው ሳይሆን፣ የሠራው ሰው የድካሙን ፍሬና የቆመበትን መሬት ይዟል ወይስ አልያዘም የሚለው ነው።

ይህ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም። ጫካ የሚጠብቀውን ሰው አንዱ ኋላ ቀር ብሎ ሲንቀው፣ ሌላው እርሻን ያላወቀ ደስተኛ ብሎ ሲያመሰግነው፣ ሁለቱም መሬቱ ባለቤት የሌለው ባዶ ስፍራ መስሎ እንዲታይ ያደርጋሉ። በበበቃና በቴፒ የመንግሥት ሰፋፊ የቡና እርሻዎች የተከፈቱበት ስፍራ ቀድሞ ጫካ ነበረ። የከፋ ጫካ በ2010፣ የሸካ በ2012፣ የማጃንግም በ2017 በዩኔስኮ መዝገብ ሲገቡ፣ የተመዘገበው ዛፉ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚሠራውና የሚጠብቀው ሰው ጭምር ነው። የዳይመንድ ጽሑፍ ሊነበብ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ያነበበ ሰው መጽሔቱን አጥፎ ወደ ቴፒ ጫካ ቢገባ፣ ስሕተት ነው የተባለውንና ከስሕተቱ በፊት ነበረ የተባለውን በአንድ ሰው ጓሮ ያገኘዋል።