የአትክልቱ ቦታ ለሕፃኑ ወይስ ሕፃኑ ለአትክልቱ ቦታ?

በአገሪቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ግቢ ውስጥ በሽቦ ወይም በእሾህ የታጠረ የአትክልት ቦታ ማየት የተለመደ ነው። ጎብኚ በመጣ ጊዜ ርእሰ መምህሩ በመጀመሪያ ከሚያሳያቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ቦታ ነው። በመደብ በመደብ የተከፋፈለው መሬት፣ በመስመር የተተከለው ጎመንና ቆስጣ፣ በቆርቆሮ ላይ የተጻፈው የክፍሉ ስም ሁሉ ዓይንን ደስ ያሰኛል። ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በሚላከው ሪፖርትም የመሬቱ ስፋት በካሬ ሜትር፣ የችግኙ ብዛት በቁጥር፣ የሽያጩ ገቢ በብር ተለይቶ ይሰፍራል። ከሪፖርቱ የሚጎድለው አንድ ዐምድ ነው፤ ይኸውም በዚያ ቦታ ላይ ሲሠራ የቆየው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ሕፃን ምን እንደ ተማረ የሚገልጸው ነው።

የዚህን ጉድለት ምክንያት በመምህራን ስንፍና ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገሩ ቀደም ካለ ታሪክ የመጣ ነው። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው፣ በብዙዎች ዘንድ ሴክተር ሪቪው እየተባለ የሚታወቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ ለብዙኃኑ ልጆች አራት ዓመት የሚፈጅና ወደ ተግባር ያዘነበለ መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ ይፋ በሆነ ጊዜ ብዙ መምህራንና ወላጆች የተመለከቱት የድኻው ልጅ ከሞፈርና ከቀንበር እንዳይላቀቅ የታቀደ ዘዴ አድርገው ነው። በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጥናት ነበር፤ ጥናቱም በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ ትምህርትን ከምርት ጋር ማቆራኘት የመንግሥት መርሕ ስለ ሆነ የትምህርት ቤቱ እርሻ የመርሑ ማሳያ ሆነ፤ የተማሪውን ሥራ በተገኘው ምርት መጠን የመመዘን ልማድም በዚያው ሥር ሰደደ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ የታችኞቹ ክፍሎች ሕፃናት በዙሪያቸው ካለው ነገር ተነሥተው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፍቷል፤ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርትም የተቀረጸው ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ሲለወጥ የጓሮው አሠራር አልተለወጠም። ሕፃኑ በክፍል ውስጥ ስለ ሥርና ስለ ግንድ ያነባል፤ በጓሮው ውስጥ ደግሞ ውኃ ያመላልሳል። ሁለቱ የሚገናኙበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

በሌሎች አገሮችም ቢሆን ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ፔስታሎዚ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1774 ገደማ ጀምሮ ኖይሆፍ በተባለው ርስቱ ላይ የድኻ ልጆችን ሰብስቦ እየሠሩ እንዲማሩ፣ የሥራቸውም ውጤት የትምህርቱን ወጪ እንዲሸፍን ሞክሮ ነበር። ልጆቹ መሬት ቆፈሩ፣ ጥጥ ፈተሉ፤ ነገር ግን ገቢው ወጪውን ሊሸፍን ስላልቻለ ውጥኑ በ1780 ፈረሰ። የሕፃን ጉልበት ትምህርት ቤት እንደማያቆም የዚያ ዘመን ተሞክሮ አሳይቷል። ከእርሱ ብዙ የተማረው ጀርመናዊው ፍሮበል በ1840 ተቋሙን የሕፃናት አትክልት ቦታ ብሎ ሲሰይም ግን ዓላማው ሌላ ነበር። ስያሜው ምሳሌ ብቻ አልነበረም፤ ለእያንዳንዱ ሕፃን የራሱ የሆነች ትንሽ መደብ፣ በዙሪያዋ ደግሞ የሁሉም የሆነ የጋራ መደብ እንዲኖር አቅዷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ይህ ተቋም በአማርኛ መዋዕለ ሕፃናት በተባለ ጊዜ አትክልቱ ከስሙ ወጥቷል፤ ከግቢውም አብሮ የወጣበት ቦታ ብዙ ነው። በከተሞች ያሉት ብዙዎቹ መዋዕለ ሕፃናት ግቢያቸውን በሲሚንቶ ከለበዱ ቆይተዋል።

የፍሮበል ሐሳብ ዋጋው የግሉን መደብ ከጋራው በመለየቱ ላይ ነው። ከእርሱ በፊት ሩሶ፣ ኤሚል በተባለው በ1762 በታተመ መጽሐፉ፣ ሕፃኑ ባቄላ ዘርቶ በየቀኑ ውኃ ካጠጣ በኋላ አንድ ቀን ተነቃቅሎ እንደሚያገኘው ይተርካል። አትክልተኛው በዚያው ቦታ ቀደም ሲል ሜሎን ዘርቶ ኖሯል፤ ሕፃኑም የሰው ድካም ምን ማለት እንደ ሆነ የሚማረው የራሱ ድካም ሲፈርስበት ነው። አሁን በሚሠራበት መንገድ ግን መደቡ የክፍሉ፣ ጎመኑ የትምህርት ቤቱ፣ ገንዘቡ የሒሳብ ሹሙ ነው። ሕፃኑ የኔ የሚለው ተክል ስለ ሌለው ተክሉ ቢደርቅ አያዝንም፤ ቢለመልምም አይጠይቅም። ይባስ ብሎም በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ያረፈደ ወይም ያጠፋ ተማሪ እንዲቆፍርና ውኃ እንዲያመላልስ ይደረጋል። ጠዋት ቅጣት የነበረው ሥራ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነው ቢባል ማን ያምናል?

ከሁሉ የሚከብደው የውኃው ጉዳይ ነው። በበጋ ወራት አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ ጓሮው መቶ ካሬ ሜትር ከሆነ የዕለቱ ውኃ ከ400 እስከ 500 ሊትር፣ ማለትም ሃያ ሊትር በሚይዘው ጀሪካን ከ20 እስከ 25 ጀሪካን ይደርሳል። አንድ ሙሉ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ ይህም የአንድ ሰባት ዓመት ሕፃን የራሱ ክብደት ነው ለማለት ይቻላል። ቧንቧ በግቢው ውስጥ ካለ ነገሩ ይቀላል፤ ከምንጭ ወይም ከወንዝ የሚቀዳ ከሆነ ግን ጓሮው የሚለመልመው በማን ትከሻ እንደ ሆነ መጠየቅ የዕቅድ ሰው ሁሉ ግዴታ ነው። የጓሮውን ስፋት በሪፖርት ላይ ማሳደግ ቀላል ነው፤ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ግን የሚመላለሰው ጀሪካን አብሮ ይጨምራል።

ይህ ችግር የሚመነጨው የትምህርቱ ዘመንና የዝናቡ ዘመን ባለመገጣጠማቸው ነው። ትምህርት በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ ያበቃል፤ በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሰማዩ ሲያጠጣ ሕፃኑ ዕረፍት ላይ ነው፤ ሕፃኑ ሲመለስ ሰማዩ ይዘጋል። ይህን ያላገናዘበ የሥራ ዕቅድ ከሌላ አገር መጽሐፍ የተቀዳ ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። የሚሻለው በመስከረም መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ ቶሎ የሚደርሱትን እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉትን፣ ከነርሱም ጋር ጥቂት ባቄላ መዝራት ነው። ከታኅሣሥ በኋላ የሚጠጣው መሬት ከአሥር ካሬ ሜትር ባይበልጥ ሁለት ጀሪካን ተኩል ይበቃዋል፤ ይህንንም ከእጅ መታጠቢያው በሚተርፈው ውኃ ማሟላት ይቻላል። በልግ በሚዘንብባቸው አካባቢዎች ከየካቲት ጀምሮ ሁለተኛ ዘር ሊዘራ ይችላል።

በጋው ግን ባዶ ወቅት አይደለም፤ ባዶ የሚመስለው የተፈጥሮ ጥናት ማለት ጎመን ማብቀል ብቻ ነው ተብሎ ስለ ታሰበ ነው። ዋልካ መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሕፃኑ ስንጥቁ ውስጥ እንጨት አስገብቶ ጥልቀቱን በየወሩ ቢለካ ከመጋቢት ወዲያ ዝናብ ሲመጣ ስንጥቁ ሲዘጋ በዓይኑ ያያል። አንድ እፍኝ ዋልካና አንድ እፍኝ ቀይ አፈር በየጠርሙሱ ከውኃ ጋር ተበጥብጠው ቢቀመጡ አሸዋው ፈጥኖ ሲወርድ፣ ደቃቁ ሸክላ ግን ውኃውን አደፍርሶ ሲቆይ ይታያል። ምስጥ፣ ጉንዳን፣ ቅጠሉን የሚያረግፈውና የማያረግፈው ዛፍ፣ ሁሉም ያለ አንዳች ጀሪካን የሚጠኑ ናቸው።

ከዚህ ላይ ስለ ባቄላ ትንሽ ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የአሠራሩ ድክመት ጎልቶ የሚታየው በዚህች ዘር ላይ ነው። መምህሩ አብዛኛውን ጊዜ በሰሌዳ ላይ የሚሥለው ዘር ሲበቅል ሁለቱን ክኮች ተሸክሞ ከአፈር በላይ ሲወጣ ነው። ይህ ሥዕል ለቦሎቄ ልክ ነው። ለባቄላ ግን ልክ አይደለም፤ የባቄላ ክኮች ከአፈር በታች ይቀራሉ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ቡቃያው ብቻ ነው። ሕፃኑ ባቄላ ዘርቶ የተሣለውን ሳያይ ሲቀር ሁለት ነገር ሊከተል ይችላል። ዓይኑን ትቶ ሰሌዳውን ያምናል፤ ወይም መምህሩን ይጠይቃል። አሁን ባለው አሠራር የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ባቄላና ቦሎቄ በሁለት ቆርቆሮ ጎን ለጎን ተዘርተው፣ በየሁለት ቀኑም አንድ አንድ ዘር እየተቆፈረ ቢታይ ግን ልዩነቱን የሚያገኘው ሕፃኑ ራሱ ይሆናል። ክክ ደግሞ ከእናቱ ማድ ቤት የሚያውቀው ነገር ነው፤ ለወጥ የሚሆነው ክክ ለቡቃያው ስንቅ መሆኑን መረዳት ለሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከባድ አይደለም። ባቄላው ደርሶ በሚነቀልበትም ጊዜ በሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉጦች ፈልጦ ማየት ይገባል። ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ በውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን በመውሰድ ላይ ናቸው። ገበሬው ከባቄላ በኋላ ስንዴ ወይም ገብስ የሚዘራበት ምክንያት ከዚያ ላይ ተጀምሮ ሊነገር ይችላል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ምርቱ ከተለቀመ በኋላ ሥሩ ሳይታይ ከብት ይለቀቅበታል።

የገጠሩ ሕፃን ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ሰባት ዓመት ሳይሞላው ጥጃ የጠበቀ፣ የትኛው ሣር ከብት እንደሚነፋ፣ የትኛው እንጨት ሲነድ እንደሚያጨስ፣ ወይራና ብሳና በምን እንደሚለያዩ የሚያውቅ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ መኮትኮት ቢታዘዝ አዲስ ነገር አላገኘም። ወላጁም ልጄን ለመቆፈር አልላክሁም ቢል አይፈረድበትም፤ ቁፋሮው በቤትም አለ። ትምህርት ቤቱ ሊጨምርለት የሚገባው ሌላ ነው። መለካት፣ መቊጠር፣ ሁለት ነገር አቀራርቦ ማመዛዘን፣ ያዩትን በጽሑፍ ማስቀመጥ ከቤት የማይገኙ ናቸው። ጤፍ በአፈር ላይ በስሱ ሲበተንና አራት ጣት ያህል ሲቀበር የሚበቅለው ስንት ነው ብሎ ቢጠይቅና ቢቆጥር፣ አባቱ የሚያውቀውን ነገር ምክንያቱን ይዞ ወደ ቤት ይመለሳል። ለከተማው ልጅ በአንጻሩ አፈሩን መንካት ራሱ ትምህርት ነው። አንድ ዓይነት መመሪያ ለሁለቱም መላክ ለሁለቱም አለመላክ ነው።

ስለ ዛፍ ተከላ የሚነገረው አጭር ነው። አረንጓዴ ዐሻራ በተጀመረበት በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን መተከሉ ተገልጿል፤ ትምህርት ቤቶችም በዚህ ዓይነቱ ተከላ ይሳተፋሉ። ነገር ግን ሐምሌ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ወር ነው፤ የትምህርት ጥቅሙም ችግኙ በሚቆጠርበት ቀን ሳይሆን በኋላ ነው። አንድ ክፍል አሥር ችግኝ ብቻ ተረክቦ፣ በመስከረም፣ በጥርና በሰኔ የጸደቀውን እየቆጠረ፣ የደረቀውንም በምን እንደ ደረቀ እየጻፈ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ቢዘልቅ፣ ዋንዛው ከጽዱ ይልቅ ፈጥኖ ሲያድግ ያያል፤ ክፍልፋይንም በዚያው ይማራል። ሺህ ተክሎ የጸደቀውን የማያውቅ ክፍል ከዚህ የሚያገኘው ነገር የለም።

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ከዚህ ትችት አያመልጡም። ዕጩ መምህሩ ስለ አካባቢ ሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ ፈተና ይወስዳል፣ የትምህርት ዕቅድም በሚገባ ይጽፋል፤ የባቄላ ሥር ነቅሎ ያየው ግን ስንቱ ነው? በራሱ እጅ ዘርቶ ያልበቀለለት፣ ለምን እንዳልበቀለም ያልመረመረ መምህር፣ ከሃምሳ በላይ ሕፃናት በያዘ ክፍል ፊት ቆሞ ያልታሰበ ጥያቄ ሲመጣበት ወደ ሰሌዳው ቢሸሽ አያስደንቅም። ስለሆነም ዕጩ መምህሩ ከመመረቁ በፊት አንዲት መደብ ከመስከረም እስከ ጥር ይዞ የዕለት ማስታወሻ እንዲያቀርብ፣ ማስታወሻውም ከጽሑፍ ፈተናው እኩል እንዲታረም ቢደረግ መልካም ነው። የወረዳው የሪፖርት ቅጽም ከብርና ከካሬ ሜትር ቀጥሎ ሕፃናቱ በወሩ ውስጥ ያነሡአቸው ጥያቄዎች የሚሰፍሩበት አንድ ዐምድ ሊጨመርበት ይገባል።

የክፍሉ ብዛት ለዚህ እንቅፋት ነው የሚሉ አሉ። ለስልሳ ሕፃናት ስልሳ መደብ ማግኘት በእርግጥ ያስቸግራል። ለሁለት ለሁለት ተከፋፍለው ባቄላውንና ቦሎቄውን ጎን ለጎን እንዲያሳድጉ የሚያስፈልገው ግን ከታቹ የተበሳ ስልሳ ያረጀ የቲማቲም ቆርቆሮ፣ ከእያንዳንዱ ዘር ግማሽ ኪሎና ሁለት ጆንያ አፈር ነው።