ፊልም ሲሆን ድምፁ የት ይገባል?

የወጣቶች ልቦለድ ወዳጆች የማያልቅ ክርክር አላቸው፤ መጽሐፉ ይበልጣል ወይስ ፊልሙ? በየጥቅምቱ የፍራንክፈርት የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ለሕዝብ ሲከፈት፣ የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት ልብስ ለብሰው ከሚሰለፉት ወጣቶች አጠገብ ቆሞ ጆሮውን የጣለ ሰው ይህንኑ ክርክር በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም ይሰማል። አንዳንዴም በአማርኛ። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ ማወራረድ ይሆናል። የትኛው ትዕይንት ተቆረጠ? የማን ፀጉር ቀለም ተቀየረ? መጨረሻው ለምን ሌላ ሆነ?

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የወጣቶች ልቦለድ ከሁሉ በፊት ድምፅ ነው። የዐሥራ አራት ወይም የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለማንም ያልተናገረውን ለራሱ ሲያወራ እንሰማለን፤ ታሪኩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ካሜራ ደግሞ ልጁን የሚያየው ከውጭ ነው። ስለዚህ አንድ ልቦለድ ወደ ፊልም ሲመለስ፣ ያ የውስጥ ድምፅ የት እንደገባ መጠየቅ አለብን። በሁለትና በሦስት ቋንቋ ለሚያድጉ የሀበሻ ልጆች ይህ ጥያቄ ከሥነ ጽሑፍ ወግ ያለፈ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጀርመንኛን ያስጀመረኝ መምህር ቢሆንም ያሳደገልኝ የወጣቶች ልቦለድ ነው። የአዋቂዎቹ ወፍራም ልቦለድ በረዣዥም ዐረፍተ ነገሩ ሲያደክመኝ፣ ሃዘንጋሰ ከሚገኘው የከተማው ቤተ መጻሕፍት የወጣቶች መደርደሪያ ላይ ያገኘሁት ቋንቋ ጎረቤት የሚያወራው ዓይነት ነበር። ልማዱ በዚያው ቀረ። መጀመሪያ መጽሐፉን አነባለሁ። ቀጥሎ ያንኑ መጽሐፍ ሰው ሲያነበው በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ በዩ 4 ባቡር ሥራ እሄዳለሁ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ፊልሙን እንዳየሁ ደግሞ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ምዕራፍ መልሼ አነባለሁ። የልጁ ድምፅ እንደ በፊቱ ከተሰማኝ ፊልሙ አልጎዳውም፤ ድምፁ ጠፍቶ መልክ ብቻ ከመጣብኝ አንድ ነገር ተወስዷል። ከበፊቱ ጠልቆ የሚሰማኝም አለ፤ የምወዳቸው ፊልሞች እነዚያ ናቸው።

ፍራንክፈርት ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ የተመቸች ከተማ ናት። የጎተ ዩኒቨርሲቲ የልጆችንና የወጣቶችን መጻሕፍት ብቻ የሚያጠና ተቋም ከ1963 ጀምሮ አለው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሉካስ የተባለው የልጆችና የወጣቶች የፊልም ፌስቲቫል ከ1974 ጀምሮ ይካሄድባታል። ባጭሩ፣ ለወጣት የሚጻፈውና የሚቀረጸው ነገር እዚህ እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይታይም።

ካልተሳካው ልጀምር። ሚካኤል ኤንደ በ1979 ያሳተመው «ማለቂያ የሌለው ታሪክ» በሁለት ቀለም የታተመ መጽሐፍ ነው፤ በቀይ ባስቲያን የሚኖርበት ዓለም፣ በአረንጓዴ ደግሞ እሱ የሚያነበው የምናብ ዓለም። በሁለተኛው አጋማሽ ባስቲያን ራሱ ወደ ምናቡ ዓለም ይገባል። የተመኘው ሁሉ ይሆንለታል፤ ግን እያንዳንዱ ምኞት ከቀድሞ ሕይወቱ አንድ ትዝታ ይወስድበታል። በመጨረሻ የራሱን ስም እስከ መርሳት ይደርሳል። ይህን ክፍል ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ሲያነበው፣ ተረት ነው ብሎ ማለፍ ይቸግረዋል። የመኖሪያ ፈቃድ ተመኘን፤ አገኘን። ሥራ ተመኘን፤ አገኘን። በየመሃሉ የጎረቤት ስም፣ የሠፈር አቋራጭ መንገድ፣ የአንድ ዘፈን ግጥም ሳናውቀው ከውስጣችን ወጣ።

ቮልፍጋንግ ፒተርሰን በ1984 የሠራው ፊልም የሚያበቃው ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በመጽሐፉ እኩሌታ አካባቢ ነው። ባስቲያን በነጩ ዘንዶ ጀርባ ላይ ሆኖ ያስቸገሩትን ልጆች ሲያሳድድ ይታያል፤ በድል ይዘጋል። ምኞቱ ተሰጠው፤ ዋጋው ተሰረዘለት። ኤንደ ስሙ ከፊልሙ እንዲወጣ ጠይቆ፣ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተረታ። ነገሩን የደራሲ ኩርፊያ አድርጎ ማውራት ይቀላል። ነገር ግን የተቆረጠው ትርፍ ትዕይንት አልነበረም፤ መጽሐፉ ሊናገር የተነሣበት ጉዳይ ነበር። ፊልሙን በልጅነት ያየ ሰው ዘንዶውን ያስታውሳል። መርሳት ምን እንደሚመስል ግን ፊልሙ አልነገረውም።

«ቺክ» የተሻለ ዕጣ ገጠመው። ቮልፍጋንግ ሄርንዶርፍ በ2010 ያሳተመው ይህ ልቦለድ በዓመቱ የጀርመንን የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። ተራኪው ማይክ የተባለ የዐሥራ አራት ዓመት የበርሊን ልጅ ነው። ቤቱ ትልቅ፣ እናቱ ጠጪ፣ አባቱ ከቤት የሚርቅ። አዲስ የመጣው የክፍል ጓደኛው ቺክ ደግሞ ከሩሲያ የመጣ ነው። ሁለቱ በተሰረቀ ላዳ፣ ያለ ካርታ፣ ወደ ዋላኪያ ጉዞ ይጀምራሉ። ላዳ ሲባል አዲስ አበባ ላደገ አንባቢ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ፊቱ ላይ ድቅን ይልበታል፤ የነቺክ መኪና ግን ኒቫ የሚባለው፣ ገጠር የሚወጣው ዓይነት ነው። ማይክ ራሱን የሚያየው እንደ አሰልቺ ልጅ ነው። የመጽሐፉ ቀልድ ሁሉ የሚወጣው መቀለዱን ከማያውቅ አፍ ነው፤ ፊልም ሊያጠፋው የሚችለውም ይህንኑ ነበር።

ሄርንዶርፍ በ2013 ስላረፈ ፊልሙን አላየውም። በ2016 የሠራው ፋቲህ አኪን ሐምቡርግ ውስጥ ከቱርክ ስደተኞች የተወለደ ዳይሬክተር ነው። አኪን የማይክን ትረካ ሙሉ በሙሉ በድምፅ አልጫነብንም፤ ከፊሉን ለሙዚቃ ሰጠው። ላዳው ውስጥ የሪቻርድ ክላይደርማን የፒያኖ ካሴት አለ። መጽሐፉ ላይ ስሙን አንብበን እናልፋለን። ፊልሙ ላይ ግን ዜማው ይሰማል። መጀመሪያ ያስቃል፤ ሁለት የተኮራረፉ የሚመስሉ ልጆች በአሮጌ መኪና የሽማግሌ ሙዚቃ እያዳመጡ ይበርራሉ። ደጋግሞ ሲመጣ ግን ሳቁ ይቀንስና ልጆቹ ወላጅ የሌለበት ቤት እንዳገኙ ይገባናል። ማይክ ይህን በቃል ሊናገረው አይችልም፤ ፒያኖው ተናገረለት። ፊልሙን አይቼ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ስመለስ የማይክ ድምፅ ጠልቆ የሚሰማኝ ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ከሁለቱ መካከል ይቆማል። የአሜሪካዊቷ አንጂ ቶማስ «ዘ ሄት ዩ ጊቭ» በ2017 ወጣ። በ2018 የጀርመንኛው ትርጉም የዚያው የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ሽልማት አካል የሆነውን የወጣት ዳኞች ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ የሚሰጠው በፍራንክፈርቱ ዐውደ ርዕይ ነው፤ ይህን መጽሐፍ የመረጡት ከየንባብ ክበቡ የተውጣጡ ወጣቶች ራሳቸው ነበሩ። ተራኪዋ ስታር የዐሥራ ስድስት ዓመት ጥቁር ልጅ ናት። የልጅነት ጓደኛዋን ፖሊስ ተኩሶ ሲገድለው በቦታው የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ግድያው የመጽሐፉ ትልቁ ጉዳይ ነው፤ ከገጽ ገጽ የሚይዘን ግን የስታር አነጋገር ነው። ሠፈሯ ስትሆን በአንድ ቋንቋ፣ ነጮች የሚበዙበት ትምህርት ቤቷ ስትሆን በሌላ ትናገራለች። ትምህርት ቤት ሳለች ማንም «የሠፈር ልጅ» እንዳይላት ቃሏን እየመረጠች፣ ቁጣዋን እየዋጠች ትውላለች።

ጆርጅ ቲልማን በ2018 የሠራው ፊልም ይህን መከፈል በብርሃን ለማሳየት ይሞክራል፤ ሠፈሩ ሞቅ ባለ ቀለም፣ ትምህርት ቤቱ ቀዝቀዝ ባለ ሰማያዊ። ኤንደ በሁለት የማተሚያ ቀለም ያደረገውን ካሜራው በብርሃን ደገመው ማለት ነው። አማንድላ ስቴንበርግም ስታርን ስትጫወት አንገቷና ትከሻዋ ከቦታ ቦታ ይለወጣሉ። እስከዚህ ድረስ ድምፁ አለ። ወደ መጨረሻው ግን ፊልሙ መጽሐፉ ላይ የሌለ ትዕይንት ይጨምራል፤ የስታር ትንሽ ወንድም ሽጉጥ አንሥቶ ያነጣጥራል፣ ፖሊስም በልጁ ላይ ያነጣጥራል። ትዕይንቱ ያስደነግጣል፤ ግን የመጽሐፉን ሐሳብ ጣቱን ቀስሮ እያስተማረን ነው። ስታር ከራሷ ጋር ስታወራ የደረሰችበትን እኛ ከአስተማሪ እንቀበለዋለን።

ፊልም በር ነው፤ ልጆች ከፊልሙ ወደ መጽሐፉ ይመጣሉ የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ እኔም በዚያ በር የገቡ ልጆች አውቃለሁ። ነገር ግን በሩን ከፍቶ የገባው ልጅ ውስጥ የሚጠብቀው ማን ነው? የራሱን ድምፅ የሚመስል ሰው ያገኛል ወይ?

የማውቃቸው የፍራንክፈርት የሀበሻ ልጆች ስታርን የሚወዷት ስለሚያውቋት ይመስለኛል። ቀን ትምህርት ቤት ከመምህሯ ጋር በጀርመንኛ ስትከራከር የዋለች ልጅ፣ ማታ የአባቷ እንግዳ ሲመጣ «ደህና ነኝ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ አንገቷን ትደፋለች። ሁለቱም እሷው ናት። አንደኛዋ ሐሰተኛ አይደለችም። ግን ስለ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚያወራ መጽሐፍ ስትፈልግ የምታገኘው በጀርመንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ለእሷ የትእዛዝ፣ የምርቃትና የይቅርታ ቋንቋ ሆኖ ይቀራል። ከራሷ ጋር የምታወራበት አይሆንም።

አማርኛ ለሕፃንና ለአዋቂ ብዙ አለው። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለዐሥርተ ዓመታት ተረት ነግረውናል። ከዚያ ወዲያ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይጠብቀናል። የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» እንኳን፣ ስንት ወጣት ተቀባብሎ ያነበበው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዓለም ነው። ከተረቱ ወጥቶ ወደ ትልቁ ልቦለድ ያልደረሰ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በገዛ አፉ «እኔ» ብሎ የሚተርክበት መደርደሪያ ሳስቷል። የአራዳው ቋንቋ በመንገድ ላይ ይፈላል፤ ወረቀት ላይ ሲደርስ ያፍራል።

ይሁን እንጂ መጽሐፍን ወደ ሌላ መልክ በመመለስ አማርኛ ባዶ እጁን አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ አንድ ሰው ጉዱ ካሣንም ፊታውራሪ መሸሻንም ሰብለ ወንጌልንም ሆነ። መጽሐፉን ሳይገልጡ ታሪኩን በቃል የሚያውቁት ስንት ናቸው! ካሜራ አልነበረም፤ በጀትም ብዙ አላስፈለገም። የደራሲው ቃል ሳይወጣ በሰው ጉሮሮ አለፈ። ከላይ ያነሣሁት ጥያቄ፣ ድምፁ የት ገባ የሚለው፣ ከሁሉ የተሻለ መልስ ያገኘው በእኛው ሬዲዮ ይመስለኛል።

ለዚህም ነው ከፊልም ይልቅ በጆሮ ልሰማው የምመኘው አንድ የወጣቶች ልቦለድ ያለው። በ2023 ያረፈው እንግሊዛዊው ገጣሚ ቤንጃሚን ዘፋንያ በ2001 «ስደተኛው ልጅ» የሚል ልቦለድ አሳተመ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የዐሥራ አራት ዓመቱ አለም ኬሎ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ አባቱ ለሽርሽር ብሎ እንግሊዝ ይወስደውና ሆቴል ውስጥ ደብዳቤ ትቶለት ይሄዳል። መጽሐፉ የሚከፈተው በሁለት አጫጭር ተመሳሳይ ትዕይንቶች ነው። ወታደሮች ሌሊት በር ሰብረው ይገባሉ፤ አንዴ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አንዴ ኤርትራ ውስጥ። ስድቡ ብቻ ይገለበጣል፤ እዚህ ጠላት የተባለችው እናት፣ እዚያ ጠላት የተባለው አባት።

በ2013 ለምን ሲሳይ ይህን ልቦለድ ለሊድሱ ዌስት ዮርክሻየር ፕሌይሀውስ ወደ ተውኔት መለሰው። ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ ውስጥ የተወለደውና ከእናቱ ተለይቶ በአሳዳጊ ቤተሰብና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገው ለምን፣ የሰው ቤት ገብቶ የሚያድርን ልጅ ዝምታ ከማንም ሊማር አላስፈለገውም። ልቦለዱ ትክክለኛው እጅ ላይ ወደቀ ማለት ይህ ነው።

እነዚያን ሁለት የመክፈቻ ትዕይንቶች እዚሁ ፍራንክፈርት ውስጥ ተቀርጸው ብሰማቸው እወዳለሁ። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በአንድ ባቡር ተሳፍረው በሚውሉባት ከተማ፣ አንዱን ገጽ ከሁለተኛው ትውልድ አንዲት ልጅ በአማርኛ ታንብበው፤ ሌላውን የክፍል ጓደኛዋ በትግርኛ። አማርኛቸውና ትግርኛቸው ጀርመንኛ ቢሸትት ግድ የለም። አለምም እኮ ሲያወራ እንግሊዝኛው ሌላ ነገር ይሸትታል፤ እንዲያውም በዚያ ነው ያወቅነው።