«አሮጌ ራዲዮ» ከማለት በፊት

በሐይቅና በአምባሰል ስላለው የዘፈን ልማድ የተጻፈ አንድ የተማሪ ጥናት በቅርቡ ለምርመራ ደርሶኝ ነበር። በብዙ ገጾቹ የሚመሰገን ነው፤ ዋነኛው አሳቡ ግን ባንድ ዕቃ ላይ ቆሟል። በሐይቅ ከተማ ባንድ ቤት «አሮጌ የፊሊፕስ ራዲዮ» መኖሩን ይገልጽና፥ ቤተ ሰቡ በ1945 ዓ.ም. በዚሁ ራዲዮ ይሰማ ስለ ነበር፥ የአካባቢው ዘፋኞች የአምባሰልን ቅኝት ያቃኑት ከአዲስ አበባ በመጣ ድምፅ ነው ይላል። ጸሐፊው በዕቃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ በጥንቃቄ ገልብጦታል፤ ነገር ግን አላነበበውም።

ጽሑፉ «ቢ 5 ኤክስ 63 ኤ» ይላል። ፊሊፕስ በዚያ ዘመን በሠራበት ሥርዐት የመጀመሪያው ፊደል የዕቃውን ዐይነት ያመለክታል፤ «ቢ» የጠረጴዛ፥ «ኤል» ተንቀሳቃሽ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው አኃዝ የዋጋው ደረጃ ነው። ከመካከለኛው ፊደል በኋላ የሚመጣው አኃዝ ዓመቱን ይናገራል፤ 6 ሲል በአውሮፓ አቈጣጠር 1956፥ በእኛ 1948 ወይም 1949 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በመጨረሻ «ኤ» ያለበት በተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ መስመር ብቻ ይሠራል፤ «ዩ» በተለዋዋጩም በቀጥተኛውም፤ «ቲ» ግን ትራንዚስተር ነው። እንግዲህ ይህ ራዲዮ በ1945 ዓ.ም. ገና አልተወለደም። ከዚህም በላይ ጥናቱ ራሱ በሌላ ገጽ ቤቱ በዚያ ጊዜ መብራት እንዳልነበረው ይመሰክራል።

ዓመቱም ቢሆን የመሠሪያው እንጂ የመገዣው አይደለም። ዕቃው ሐይቅ የደረሰው ከዚያ ወዲህ መሆኑን ብቻ ያስረዳል። የጀርባው ክዳንም በጠጋኝ እጅ ከሌላ ራዲዮ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ውስጡን መክፈት ያስፈልጋል። ስማቸው በ«ዲ» የሚጀምር አምፑሎች በባትሪ ድንጋይ ለሚሠራ ራዲዮ ናቸው፤ ለዚህም 90 ቮልት የሚሰጥ ውድ ድንጋይ ይፈለግ ነበር። በ«ኢ» የሚጀምሩት በ6.3 ቮልት ይሞቃሉ፤ በ«ዩ» የሚጀምሩት ደግሞ የሁለቱ መስመር ራዲዮ ናቸው። በአንዳንዱ ዕቃ ላይ ከአግድም ሰረዝ በኋላ የሚታየው ቁጥር የእትሙ ለውጥ ነው፤ ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ ሊለይ ይችላልና እርሱም ይጻፍ።

ይህ የጠጋኝ ሥራ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲሄዱ፥ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡትን አራቱን ወንጌል «አሮጌ መጽሐፍ» ብለው አይመዘግቡም፤ የስጦታውን ቃል አንብበው ዘመኑን ያወጣሉ። የውጫሌ ውል የተፈረመበት አምባሰል ውስጥ ቆሞ፥ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው 17ኛ አንቀጽ ያመጣውን እያወቀ፥ ጽሑፍን ሳይመረምር የሚያልፍ ተመራማሪ ይገርመኛል።

ሆኖም ቍጥሩ ቅኝቱ ከራዲዮ በፊት መኖሩን አያረጋግጥም። የቀረበውን ምስክር ያነሣል፥ ያን ያህል ብቻ ነው። ጸሐፊው የራዲዮን ተጽዕኖ መከታተል ከፈለገ፥ መጨረሻቸው «ቲ» የሆነውንና አጭር ሞገድ ያላቸውን ይፈልግ፤ ከየካቲት 1955 እስከ መጋቢት 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ይሰማ የነበረውን የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ ያደመጡ ሰዎችንም ይጠይቅ። ጥናቱን መልሼለታለሁ፤ ወደዚያ ቤት ተመልሶ፥ ባለቤቶቹን አስፈቅዶ፥ ክዳኑን እንዲፈታ።